መቻል የአጥንት ካንሰር ተገኘበት፤ አሁን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ «መቻል የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱን ይዟል። አባቴ ከማረፉ በፊት በጃኬቱ ሸፍኖ ያመጣልን ቡችላ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የግራ የፊት እግሩን ማነከስ ጀመረ። ከአጥር ሲዘል ወለም ያለው መስሎን ወጌሻ አሸው። ጎረቤታችን ዲክሎፌናክ ስጡት ብሎን አሁንም ማታ ማታ እንሰጠዋለን፤ ሰሞኑን ግን ያስመልሰዋል። ባለፈው ሳምንት ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ የአጥንት ካንሰር ነው፣ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ ነው፣ ብታስተኙት ይሻላል አለን። እናቴ ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ውሻ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል ይላል። እግሩ ቢቆረጥ ይድናል? ቶሎ ባለመውሰዴ ነው ይህ የደረሰበት? እንቅልፍ አጥቻለሁ።» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ አቁሙ። ሌላውን ሁሉ ተረጋግተን እናየዋለን፤ ይህ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። የሰውን ወገብና ጉልበት የሚያስታግሰው መድኃኒት የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፤ ኩላሊቱንም ሊጎዳ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ከዚህ አይሻልም። መቻልን የሚያስመልሰው ካንሰሩ ሳይሆን ክኒኑ ሊሆን ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካየሽ፣ ወይም ያስመለሰው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካገኘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ውሰጂው። ማሸቱም ይቅር። ለወለምታ የሚሆን እጅ ለዚህ አይሆንም፤ ዕጢው የበላው አጥንት በጠንካራ ግፊት ሊሰበር ይችላል።

ከአጻጻፍሽ የልጄ እኩያ መሰልሽኝና አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ቅር እንዳይልሽ።

የላክሽልኝን የራጅ ፎቶ በመስኮት ብርሃን ደጋግሜ አየሁት። ከፊት እግሩ አንጓ በላይ፣ የአጥንቱ ጫፍ ብል እንደበላው ጋቢ ተቦዳድሷል። ከዳር በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ ተሰንጥሯል። መጋጠሚያውን ግን አልተሻገረም። ይህ ሁሉ ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር መልክ ነው። በውሻ አጥንት ላይ ከሚነሡት ዕጢዎች 85 በመቶ ያህሉ ይኸው ነው፤ ትልልቅ ዝርያዎችንም ይመርጣል። እኛ ሐኪሞች «ከክርን ይርቃል፣ ወደ ጉልበት ይቀርባል» እንላለን፤ የፊት እግር ላይ ትከሻውንና አንጓውን፣ የኋላ እግር ላይ የጉልበቱን ላይና ታች ይወድዳልና። የመቻል ዕጢ የወጣው ከሚወድዳቸው ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ራጅ ብቻውን አይፈርድም። የአጥንት ኢንፌክሽንም አንዳንዴ እንዲህ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽ በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወስድ ጠይቂው፤ ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ማግኘቱንም አስቀድሞ ያረጋግጥ። ከዚያ የደረት ራጅ ይነሣ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን በግራ፣ በቀኝና በጀርባ በኩል ሦስት። ሳንባ ላይ ያለች ትንሽ ዕባጭ በአንዱ ተሸሽጋ በሌላው ትታያለች።

አሁን ወደሚያስለቅስሽ ጥያቄ ልምጣ። ቶሎ ብትወስጂው ኖሮ ይድን ነበር? ይህ ካንሰር ባሕርዩ ክፉ ነው። ሲገኝ ወደ ሳንባ የተዛመተ የካንሰር ዘር በደረት ራጅ የሚታይባቸው ውሾች ከአሥር አንድ ያህል ናቸው፤ በዓይን የማይታይ፣ በደም የተበተነ ዘር ያላቸው ግን ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ናቸው። ማነከስ በጀመረበት ማግስት ብታመጪውም አብዛኛው ነገር አልቆ ነበር። ሁለቱ ወራት ያመጡት ለውጥ ቢኖር ሕመሙን ነው፤ ያለ ትክክለኛ ማስታገሻ ቆይቷል፣ ታሽቷል፣ ጨጓራውም ተነክቷል። ይህንን ስነግርሽ ልኮንንሽ ብዬ አይደለም። ጥፋቱን የት ብለሽ እንደምትፈልጊ ካላወቅሽ ሞቱን በራስሽ ላይ ትጭኚዋለሽ፤ የአንቺ ድርሻ ግን እሱ አልነበረም። በዚያ ላይ ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ መቻልን ግን ዐውቆበታል።

እግሩ ቢቆረጥ አይድንም። ሕመሙ ግን ይሄዳል፤ የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው። የአጥንት ካንሰር ሕመም እኔ ካየኋቸው የውሻ ሕመሞች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምንጩ ሲነሣ ግን ውሻው በሳምንት ውስጥ ሌላ ውሻ ይሆናል። ሰው ስለ እግሩ ማጣት ያዝናል፣ ያፍራል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ይላል። ውሻ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ለሁለት ወር ያልረገጠበት እግር ቀድሞውኑ ከእግር ቁጥር ወጥቶበታል። አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምናው ባለቀ በቀናት ውስጥ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ስፌቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይነቀላል። የፊት እግር ሲሆን ከትከሻ አጥንቱ ጭምር ይነሣል፤ ጉማጁን ቢተውለት እየተጋጨ ያስቸግረዋል።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ፣ እግሩ ተቆርጦ ሌላ ሕክምና ካልተሰጠ ግማሾቹ ከአራት እስከ አምስት ወር ገደማ ይቆያሉ። ካርቦፕላቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በደም ሥር ሲጨመርበት ይህ ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ወር ይዘልቃል፤ ከአምስት አንዱ ገደማ ሁለት ዓመትን ያያል። ማስታገሻ ብቻ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው፤ ሐኪምሽ የነገረሽ ይህንን ነው፣ አልዋሸሽም። ውሾች ይህንን የካንሰር መድኃኒት (ኬሞን) ከሰው በተሻለ ይችሉታል፤ ፀጉራቸውም ብዙውን ጊዜ አይረግፍም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ደሙ መቆጠር አለበት። ደም ሳይመረመር «ግድ የለም፣ እንስጠው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ውሻሽን ይዘሽ ውጪ። መርፌውን ከወሰደ በኋላ ባሉት ቀናትም ሽንቱንና ሰገራውን በጓንት ነው የሚጸዳው፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ጨርሶ አትጠጋው።

ይህንን ሁሉ አገራችን ውስጥ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አልደብቅሽም። እኔ የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ሲቋቋም የአገሪቱ ጭንቀት ላምና በሬ፣ በግና ፍየል፣ አህያና በቅሎ ነበር፤ በእኔም ጊዜ ውሻ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታን ልናወራ ነበር። ዛሬ ለውሻ የሚያስቡ ወጣት ሐኪሞች አሉ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሉም አለ። እግር የሚቆርጥ ጥሩ እጅ ታገኛለሽ። ኬሞውን ግን በአግባቡ የሚሰጥ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባታገኚው ውሻሽን እንደበደልሽው አትቁጠሪው። (ይህንን የሚያነብ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወገን ካለ ደግሞ ሕመም ለማስታገስ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና መኖሩን ሐኪሙን ይጠይቅ።)

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ሌላው አንባቢ «ካንሰር» የሚል ቃል ሰምቶ ውሻውን እንዳይጥል። በከተማችን ውሾች ላይ በብዛት የማየው ዕጢ በግንኙነት የሚተላለፈው፣ ብልት ላይ የሚወጣው ነው። እንደ አበባ ጎመን ፈክቶ ደም ሲያንጠባጥብ ያስደነግጣል። ቪንክሪስቲን በሚባል መርፌ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለ ጊዜ አብዛኛው ጠፍቶ ይቀራል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከአንድ ውሻ ተነሥቶ እስከ ዛሬ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገር ሕያው ካንሰር ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ከመቻል በሽታ ጋር ዝምድና የለውም።

የእኔ ውሻ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? የደረቱ ራጅ ንጹሕ ከሆነ፣ ዳሌውም ደህና ከሆነ እቆርጥለት ነበር። ዳሌውን ያነሣሁት ሼፐርድ ስለሆነ ነው። ይህ ዘር የዳሌ መጋጠሚያው ይደክማል፤ ውሻ ደግሞ 60 በመቶ ያህል ክብደቱን የሚያሳርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ስለሆነ አንዱ ሲሄድ ሌሎቹ ሸክሙን ይካፈላሉ። ሐኪሙ የዳሌ ራጅ ጨምሮ ያንሳ። ዳሌው ከከፋ ወይም ዕጢው ሳንባ ደርሶ ከሆነ ቢላዋ አላስነካውም፤ ማስታገሻውን አጠንክሬ የምሰናበተውን ቀን አስቀድሜ እወስናለሁ።

«አስቀድሜ» ያልኩት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችኝ፤ ያው በሽታ፣ የኋላ እግሯ ላይ። ለሌላ ሰው የምሰጠውን ምክር ለራሴ መስጠት አቃተኝ። ዛሬ በልታለች፣ ዛሬ ጅራቷን ቆልታለች፣ አንድ ሳምንት ልጨምርላት እያልኩ ወሩን ገፋሁት። በነሐሴ ዝናብ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ደረጃ ብቻ ያላትን በረንዳ ስትወርድ እግሯ ተሰበረ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት አልጽፈውም። በካንሰር የተበላ አጥንት ተሰብሮ አይጠግንም፤ በዚያች ሌሊት በባትሪ ብርሃን የደም ሥሯን እየፈለግሁ በገዛ እጄ ልሰናበታት ግድ ሆነ። ያንን ሳምንት የጨመርኩት ለእሷ አልነበረም። እንዳላጣት የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ የሚያማት ግን እሷን ነበር። ቤታችሁ ውስጥም አሁን ሁለት ሕመም አለ፤ አንዱ የመቻል እግር ላይ፣ አንዱ አንቺ ውስጥ። የእሱ መድኃኒት ለአንቺ አይሆንም፤ ያንቺም ለእሱ።

ማስታገሻውን በተመለከተ፣ ለውሻ የሚሆኑት ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ናቸው። በምግብ ይሰጣሉ፤ መጠኑን በኪሎው ሐኪሙ ያሰላል። ዲክሎፌናክ ሲወስድ ስለቆየ ጥቂት ቀን ማረፍ አለበት፤ የጉበትና የኩላሊት ምርመራም ይቀድማል። በእነዚህ ቀናት ጋባፔንቲን የሚባል ሌላ ማስታገሻ ሊይዘው ይችላል። እንክብሉን ግዢ፤ ለሰው የተሠራው ፈሳሹ ዛይሊቶል የሚባል ጣፋጭ ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ከሁሉ በላይ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ከሜሎክሲካም ወይም ከካርፕሮፌን ጋር እንዳይደረቡበት። «አንድ መርፌ ብወጋው ቀና ይላል» የሚል አይጠፋም፤ ቀና ይልና ጨጓራው ይበሳል። ለአጥንቱ የሚረዳ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ሐኪምሽን ጠይቂው። ምግቡ ላይ የምለው አጭር ነው፦ የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ ወይም በእንጀራ፣ ያለ ሽንኩርት። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል፤ የወጥ ፍርፋሪ አሁን ይቅርበት።

ሕመሙን እንዴት ታውቂዋለሽ? ጩኸት አትጠብቂ። ሌሊት በብርድ ሲያለከልክ፣ አንጓውን ደጋግሞ ሲልስ፣ ተኝቶ ሳለ በየሰዓቱ ቦታ ሲቀይር፣ የሚያውቀው ሰው ሲነካው ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጋድም ታሟል ማለት ነው። ትከሻውን በሁለት እጅሽ ዳስሺና ከቀኙ ጋር አስተያዪው። የግራው ሥጋ ሟሽሾ አጥንቱ ከጎረበጠሽ እግሩን ከተወው ቆይቷል።

አንድ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ደንበኛዬ ነበሩ፤ ውሻቸው ይኸው በሽታ ያዘው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማታ ማታ በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ተነሥቶ ከመጣ፣ ሳይለመን ከበላ፣ ሌሊቱንም ከተኛ ክብ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከጎደሉ መስቀለኛ ጭረት። ከሁለት ወር በኋላ ደውለው «ዶክተር፣ ከሚካኤል እስከ ገብርኤል አንድም ክብ የለም» አሉኝ። ከ12 እስከ 19 ማለታቸው ነው። ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱ ሄድኩ። ለአንቺም ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለኝም። ጭረቱ ስንት ሲደርስ እንደምትደውይ ግን ዛሬ፣ ልብሽ ሳይረበሽ፣ ከእናትሽ ጋር ተስማሙበት።

እናትሽን አልቃወማቸውም። ኃጢአት ነው አይደለም ለማለት እኔ ካህን አይደለሁም፤ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ነገር ግን ምን እንደሚያስቡ እገምታለሁ። የእሳቸው ትውልድ የውሻ መገደልን የሚያውቀው ስትሪክኒን በሚባለው መርዝ ነው፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሥጋ ተለውሶ ሲጣልላቸው፣ መንገድ ዳር ተገትረው ሲንፈራገጡ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ስትሪክኒን ጡንቻን ሁሉ ያኮማትራል፤ አእምሮውን ግን አያደነዝዘውም፤ ነቅቶ ነው የሚሞተው። እኛ የምንሰጠው ለቀዶ ሕክምና ከሚሰጠው ማደንዘዣ ወገን የሆነ፣ መጠኑ የበዛ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ የሚያረጋጋ መርፌ ይወጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ አንገቱን ያጋድማል። ከዚያ በደም ሥሩ ዋናው ሲገባ ይተኛል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ ልቡ። ዓይኑ ተከፍቶ ይቀራል፤ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ረዘም ያለ ትንፋሽ ሊወጣው ይችላል፣ እሱ ግን የለም። ይህንን አስቀድሜ የምነግርሽ ድንገት አይተሽው «ነቃ» ብለሽ እንዳትጮኺ ነው። እናትሽ ይህንን ሰምተው አሁንም እምቢ ካሉ አክብሪላቸው፤ ማስታገሻው ግን እስከ መጨረሻው ይሰጠው። አብሬው ልሁን ወይ ብለሽ ባትጠይቂም ሁኚ። ጠረንሽን ያውቀዋል።

ሐኪሙን ወደ ቤት ብታስመጪው ይሻላል። አስከሬኑ ሜዳ ላይ እንዳይጣል፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት የሚበላውን ጅብ፣ አሞራና ሌላ ውሻ ይገድላል። ቢያንስ አንድ ሜትር ተቆፍሮ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተደርጎበት ይቀበር። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ «ሞተ» በሉት። «ተኛ» ብትሉት መኝታ ይፈራል፤ «ገጠር ሄደ» ብትሉት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ወንድምሽ «ውሻ ነው» ማለቱ ክፋት ላይሆን ይችላል። ለውሻ ድንኳን አይጣልም፣ እዝን አይመጣም፣ ነፍስ ይማር የሚል የለም። ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ሰው ደግሞ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ቡችላውን ያመጣው የእሱም አባት ነው። እስቲ አንድ ማታ መቻልን አንተ አብላው በይው፤ የቀን መቁጠሪያውንም ስጪው።

ለአሁኑ በረንዳው ደረጃ ካለው በጣውላ ዝጉት። የሳሎኑ ሴራሚክ ያንሸራትተዋል፤ ያረጀ ምንጣፍ አንጥፉለት። ሌላ ውሻ ካለ ይለያይ፤ ልጆችም እግሩን አይንኩት፣ ሲያመው ልማዱ ያልሆነውን ሊነክስ ይችላል። የደሙ ውጤት ሲደርስሽ ክሪያቲኒንና አልካላይን ፎስፌቴዝ የሚሉትን ሁለት መስመሮች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የመጀመሪያው ሜሎክሲካሙን መቼ እንደምንጀምር ይነግረኛል፤ ሁለተኛው ከፍ ካለ ደግሞ ስለ መቁረጡ እንደገና እንነጋገራለን፣ በሽታው ይበልጥ እንደሚፈጥን ምልክት ነውና። ከሐኪምሽ ጋርም ልነጋገር ፈቃደኛ ነኝ፤ ስልኬን ስጪው።